አሥራ ስድስቱ ደረጃዎች

«ጀመርኩ ማሚ! እየቆጠረ ነው!» አለች ሮሃ፣ ስልኩን ከፍ አድርጋ ይዛ።

ሚልካ አባቷን በጀርባዋ አዝላ ከመሬት ተነሳች። ሁለት ሌሶ ደርባ ነው ያሰረቻቸው፤ የጨርቆቹን ጫፍ ደረቷ ላይ አጥብቃ ቋጥራዋለች። አቶ ዘገዬን ስትሮክ ከመታቸው ሦስት ዓመት ሆኗል። ግራ ጎናቸው አይታዘዝላቸውም። ቀኝ እጃቸው ግን አሁንም የከባድ መኪና ሹፌር እጅ ነው፤ ትከሻዋን ጨምድደው ሲይዙት ያማታል።

አንድ። ሁለት። ወደ ጣራው የሚያወጣው የብረት ደረጃ ከሥሯ ተንቀጠቀጠ።

ከጠዋት ጀምሮ ግቢውን ሲያሰናዱ ነው የዋሉት። ቦዩን የደፈነውን ጭቃና ጠርሙስ ጠርጋ አውጥታለች። በሩ ሥር አሸዋ የሞላ ጆንያ ደርድራለች፤ ፍሪጁን ብሎኬት ላይ ሰቅላለች፤ የጋዝ ሲሊንደሩን እንዳይንሳፈፍ ከመስኮቱ ብረት ጋር አስራዋለች። የስደተኛ ወረቀታቸው ውሃ በማያስገባ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ቦርሳውን የምትይዘው ሮሃ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ኃላፊነት ሲሰጧት ደስ ይላታል።

የቀሩት የሚልካ አባት ብቻ ነበሩ።

ባለፈው ዓመት የጎርፉ ውሃ ከግቢው በር ተነስቶ አልጋቸው ጋ ለመድረስ አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ያኔ ባሏ ይድነቃቸው ቤት ነበር፤ አማቱን አዝሎ በአንድ ትንፋሽ ጣራ ላይ አወጣቸው። አሁን ኢምባካሲ፣ አየር ማረፊያው ካርጎ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል። ሲዘንብ ደግሞ የሞምባሳ መንገድ ስለሚዘጋ ከዚያ ተነስቶ እነሱ ያሉበት ሳውዝ ሲ መድረስ አይታሰብም። በግራም በቀኝም የነበሩት ጎረቤቶች ከጎርፉ በኋላ ቤታቸውን ለቀው ሄደዋል። እነሱም ፎቅ ላይ ያለ ቤት ሁለት ወር ሙሉ ፈልገው አቅማቸው የሚችለው አጥተዋል። ስልኳ ላይ የመጣው ማስጠንቀቂያ ከዛሬ ጀምሮ ከባድ ዝናብ ይጠበቃል ይላል።

ስድስት። ሰባት። ስምንተኛው ላይ ጉልበቷ ከዳት።

ሸርተት ሲሉ አቶ ዘገዬ በቀኝ እጃቸው መደገፊያውን ያዙ። ያ እጅ ባይኖር ሁለቱም ወድቀው ነበር። ሚልካ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አቃሰተች። ጉልበቷን ብረቱ ልጦት ደሙ ወደ ነጠላ ጫማዋ እየወረደ ነው።

«ስንት ደቂቃ ሆነ፣ ሮሃ?» አሉ አባትየው።

«ሰባት፣ ባቡ» አለች አያቷን። «ግን ገና ግማሽ ነን።»

ሦስተኛ ሙከራቸው ነው። በመጀመሪያው ቁጭ ብለው ወደ ኋላ እየተሳቡ፣ እሷ ከብብታቸው እየጎተተች አምስት ደረጃ ወጥተው ነበር። በሁለተኛው አራት።

«አውርጂኝ» አሉ።

«ትንሽ አርፈን እንቀጥላለን።»

«አውርጂኝ ብዬሻለሁ፣ ልጄ።»

አንድ በአንድ፣ በመቀመጫቸው እየተንሸራተቱ ወረዱ። ዊልቸራቸው ላይ አስቀምጣ እግራቸውን ስታስተካክል፣ ሱሪያቸው እርጥብ መሆኑን አየች። እሳቸውም ማየቷን አይተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሌሶውን ፈትታ ጭናቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው።



«አሁን ደግሞ አንቺና ሮሃ ብቻ ውጡ» አሉ ከግድግዳው ሳይዞሩ።

«ለምን?»

«ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ቁጠሩትና እንየው።»

ሚልካ ገባት። «አላደርገውም» አለች። «እንደዚህ ያለ ነገር ልጅቷ ፊት አይናገሩ። እንዲያውም በምንም ጊዜ አይናገሩ።»

«ፍሬን አንድ ጊዜ ተበጥሶብኝ ነበር፤ ማርሳቢት ቁልቁለት ላይ። ነግሬሽ አላውቅም?» አፋቸው በአንድ በኩል ስለሚጎተት ቀስ እያሉ ነው የሚናገሩት። «መጀመሪያ ያደረግኩት፣ ረዳቴን ዝለል ማለት ነው።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ መሪውን ይዣለሁ።»

«አባባ፣ እባክዎ።»

«ያን ቀን ባይዘል ኖሮ ሁለታችንም መትረፋችንን እንጃ። እሱን እያሰብኩ እንዴት እነዳለሁ?» ጠንካራ እጃቸውን ጉንጯ ላይ አደረጉ። «ውሃው ሲመጣ እኔ ጋ ቆመሽ ታለቅሻለሽ። አውቅሻለሁ። ልጅቷ ደግሞ አንቺን ትታ አትወጣም። ዛሬ፣ ገና ሳይመጣ፣ እግርሽ ይልመደው።»

ሮሃ ምን እንደሚነጋገሩ አልተረዳችም። ቦርሳዋን አንግታ ደረጃው ሥር እየዘለለች ነበር። «ማሚ፣ ትዌንዴ! እንሂድ እንጂ! ከዜሮ ጀምሬዋለሁ!»

ሚልካ አባቷን አየቻቸው። እሳቸው በአገጫቸው ወደ ደረጃው አመለከቷት።

ሮጠች። ጉልበቷ እያመማት፣ የልጇን ትንሽ ጀርባ ወደ ላይ እየገፋች ሮጠች። ደረጃው እንዴት እንዳለቀ አላወቀችም። ጣራው ላይ፣ በውሃ ታንከሩና በልብስ ማስጫው መሐል ቆመው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ያን ያህል ቀላል መሆኑ አሳፈራት።

«ስንት ሆነ?» የሚል ድምፅ ከታች መጣ።

«ሃያ ስድስት ሰከንድ፣ ባቡ! ጎበዝ ነን አይደል?»

«ጎበዝ!» አሉ አቶ ዘገዬ። «በጣም ጎበዝ!»

የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች የቆርቆሮው አጥር ላይ መንጫጫት ጀመሩ፤ ወዲያው በረቱ። ሚልካ መውረድ ፈልጋ እግሯ አልታዘዝ አላት፤ የደረጃውን መደገፊያ ጫፍ ይዛ ቁልቁል አየች። አባቷ ከዝናቡ ለመሸሽ ዊልቸሩን ወደ ቤቱ በር እየገፉ ነበር። የሚሠራው እጅ አንድ ብቻ ስለሆነ የሚዞረው ጎማም አንድ ብቻ ነው። በገፉ ቁጥር ዊልቸሩ እዚያው ግቢው መሐል ክብ ይሠራል፤ ፊታቸው በሩን አልፎ ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ እንደገና ወደ በሩ ይዞራል።