ወደ ድሬዳዋ መመለሻ

ቀይዋ መብራት ብልጭ አለችና ባቡሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከድሬዳዋ ተነስቶ ሸዋ ሮቢት እስኪደርስ ምንም አልሆነም፤ በቀለበቱ ዞሮ ወደመጣበት መስመር ሊገባ ሲል ግን፣ እንደ ልማዱ፣ እዚያችው መጋጠሚያ ላይ ቀረ።

«አሁንስ በዛ!» አሉ ጋሼ ሱሌይማን፣ ቀይ መብራት የበራበትን መቆጣጠሪያ እንደያዙ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ትልቁን ባቡር ሲነዱ ኖረው ስንዝር በማያክል ባቡር መዋረዳቸው ቆሽታቸውን አሳርሮታል። አሻንጉሊቱን የሰጣቸው በቀዬአቸው በሸዋ ሮቢት አዲሱን ሐዲድ ሲዘረጋ የነበረ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ነው። ያ ሐዲድ ባቡር ሳያይ ሣር በቀለበት፤ ፍየል ይግጥበታል። እሳቸውም በዚያ ሐዲድ ወደ ድሬዳዋ የተመኙትን ጉዞ ጓዳቸው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት።

ጠረጴዛው ግን ዛሬ ይነሳል። ልጃቸው ሱፍዋን ሙሽሪቱን የሚያስገባው እዚህ ክፍል ነው፤ ቀለም ቀቢው ከዐስር ሶላት በኋላ ይመጣል። ባቡሩ አንድ ቀን እንኳ ድሬዳዋ ሳይመለስ ካርቶን ውስጥ ሊገባ ነው። እውነቱን ለመናገር ጋሼ ሱሌይማን የናፈቃቸው መንዳቱ ብቻ አይደለም፤ መመለሱ ነው።

የያኔው የድሬዳዋ ባቡር ጋራዥ ኤሌክትሪሺያን ጋሼ ደምሴ ከካራቆሬ የመጡት ለዚሁ ነው። ሐዲዱን በአልኮል ወለወሉ፣ የባቡሩን እግር ጠረጉ፣ መቆጣጠሪያው ባቡሩን የሚያዝበትን ቁጥር ደግመው አስገቡ። ጠብ ያለ ነገር የለም። በመጨረሻ ጣታቸውን አንዱ ሐዲድ ላይ አድርገው ቀለበቱን ዞሩና መጋጠሚያው ላይ ሲደርሱ ሳቁ።

«ሱሌ፣ የቀኙ ሐዲድ ዞሮ መጥቶ ከግራው ጋር ተሳስሟል። ኮንታክት ነው!»

«ታዲያ ሲዞር ምን ይሁን? እኔ ስንቱን ቀለበት ዞሬያለሁ!»

«የኛ ባቡር ጉልበቱ ሆዱ ውስጥ ነበር። ለዚህ ግን ኤሌክትሪኩም ትእዛዙም የሚመጣለት በሐዲዱ ነው። ቀለበቱን መግቢያውና መውጫው ላይ ቆርጠን ለብቻው በስዊች እናስረዋለን። ባቡሩ ውስጡ ሳለ ስዊቹ ይገለበጣል፤ የቀለበቱ ቀኝና ግራ ይቀያየርና ከመውጫው ጋር ይገጥማል፤ በቃ።»

«ሐዲድ ልቁረጥ? እኔ? የተቆረጠ ሐዲድ ባቡር ሲገለብጥ አብረን አይተን የለም ወይ፣ ደምሴ? እጄን ብትቆርጠው ይሻለኛል።»

«እንግዲያው አይመለስም» አሉ ጋሼ ደምሴ፤ የብረት መጋዙንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

ጋሼ ሱሌይማን በመስኮቱ አዩ። ጥላው ረዝሟል። «ቢስሚላህ» ብለው መጋዙን አነሱ፤ ሲቆርጡም እንደ በግ አራጅ ፊታቸውን አጨፈገጉ።

ሥራው ሲያልቅ ባለቤታቸው እትዬ ዓሊያ በሩ ላይ ቆመዋል። «ቀቢው ደጅ ነው። በሉ አንሱልኝ፤ ልጄን ልዳርበት!»

«አንዴ ዓሊያ፣ አንዴ ብቻ። ደምሴ ከጠረጴዛው ሥር ሽቦ ይዞልኛል። ነይ ይቺን ስዊች ያዢ፤ ስልሽ ትገለብጫታለሽ።»

እያጉረመረሙ ያዙ። ባቡሩ ሸዋ ሮቢት ገባ፤ ዞረ።

«አሁን!»

ስዊቹ ቀጭ አለ። ባቡሩ መጋጠሚያውን እንደዋዛ አለፈው። ቀይዋ መብራት አልበራችም። አዋሽን አልፎ ድሬዳዋ ሊገባ ሲል የጋሼ ሱሌይማን አውራ ጣት ሳያዝዙት ጡሩምባውን ተጫነ፤ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ እንደ ድሮው።

እትዬ ዓሊያ ስዊቹን አስቀምጠው ወጡ። ጋሼ ሱሌይማን ባለቤታቸው ቀቢውን ሊጠሩ የወጡ መስሏቸው ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ያዙት። እትዬ ዓሊያ ግን የተመለሱት ማንቆርቆሪያና መታጠቢያ ይዘው፣ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጥለው ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ሐዲዱ ዳር በነበረው ቤታቸው ያንን ጡሩምባ በሰሙ ቁጥር እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ጋሼ ሱሌይማን የሐዲድ ብናኝ የያዘ እጃቸውን ዘረጉ።

ቀቢው በሩን አንኳኳ።

«ቆይ ልጄ» አሉ እትዬ ዓሊያ፣ ውሃውን እያፈሰሱ። «ባለቤቴ ገና ከመንገድ መግባታቸው ነው።»