ሰባት ኪሎ

ደብረ ታቦር ላይ መብራት ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ እጥበቱ ይሮጣል። ረሂማም የሟች ባሏን ጀለቢያ ለሰደቃ ከመስጠቷ በፊት ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ ከተተችው። ሰባት ኪሎ የሚችለው ማሽን ግን ጭነት በዛብኝ ብሎ ጮኸ።

«እማ፣ ምኑን ሁሉ ጠቀጠቅሽበት?» አለች ልጇ ሶፊያ ከጓዳ።

«የአባትሽን ጀለቢያ ብቻ!»

አውጥታ ታቀፈችውና በሩን መልሳ ዘጋችው። ማሽኑ ባዶውን መሽከርከር ጀመረ። ጀለቢያው ግን በእቅፏ እየከበደ፣ እየከበደ ሄደ። ክብደቱን አወቀችው፤ በጋውን ሙሉ የታመመ ባሏን ከአልጋ አንስታ ፀሐይ ላይ ስታወጣው የተሸከመችው ነው።

ባዶው እጅጌ፣ እንደዚያን ጊዜው፣ ቀስ ብሎ አንገቷን አቀፈ።