ያልታጠበው ፊልም

ሃያ ዓመት ሙሉ ፎቶ አንሺው ጋሽ ደርቤ ረዳታቸውን ያቺን ታጣፊ የፈረንሳይ ካሜራ አላስነኩትም። «እጅህ ሸካራ ነው፤ አንተ ማቆሚያዋን ተሸከም!» ነበር የሚሉት። ይህንስ ቻለው። ያልቻለው ያለፈውን ወር ነው፤ የታመመች ልጁን አንድ ፎቶ እንዲያነሱለት ቢለምናቸው «ይደርሳል» አሉት። ልጅቱ ያለ ፎቶ ተቀበረች።

ዛሬ እሳቸው ሆስፒታል ተኝተዋል። ረዳቱ ካሜራዋን ይዞ ደጅ ፀሐይ ላይ ቆመ። ውስጧ ያልታጠበ፣ ብርሃን ካየ የሚቃጠል ፊልም እንዳለ ያውቃል።

«የየትኛው ጌታ ሰርግ ይሆን? ይቃጠልለት!» ብሎ ጀርባዋን ከፈተና ፊልሙን እስከ ጫፉ መዘዘው።

ስልኩ ጮኸ፤ ጋሽ ደርቤ ነበሩ።

«ስማ ልጄ፣ ካሜራዋ ውስጥ ያለውን ፊልም አንተው እጠበው። ፊልሙ እስኪያልቅ ብዬ ነው ሳላጥበው የቆየሁት። ልጅህ አለችበት፤ መድኃኒት ልትገዛ የወጣህ ለታ ቤትህ ሄጄ አነሳኋት። ትስቃለች።»