የሁለት ሰው ጨዋታ

ሐይቁ ከደረቀ ወዲህ የዱር ዳክዬዎች የሚያርፉት የሰዎች ጨዋታ የሚሰማበት ግቢ ብቻ ነው፤ ሰው ከተጫወተ ውሃ አለ ማለት እንደሆነ ለምደዋል። እኔ ደግሞ እናቴ ከሞተች ጀምሮ ብቻዬን ነኝ። ስለዚህ ከጓሮዬ ኩሬ ዳር ሁለት በርጩማ አስቀምጬ የሁለታችንንም እናገራለሁ።

«ልጄ፣ በልተሃል?»

«በልቻለሁ፣ እማዬ።»

ዛሬ ሦስት ዳክዬዎች ወረዱ። ጨዋታዬን ሳልጨርስ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ።

«ሰሞኑን ወሬው ደርቷል፤ እንግዳህን ሰላም ልበል ብዬ ነው» አሉ።

ባዶውን በርጩማ አዩት። አፍሬ ዝም አልኩ። ዳክዬዎቹ ለመነሣት ክንፋቸውን ዘረጉ። እትዬ አስካለ ቶሎ ብለው በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ በልተሃል?» አሉኝ።

«አልበላሁም» አልኳቸው።