የምንጩ መንገድ

መምህርት ዘርፌ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቿን ይዛ መንደሩን መዞር ከጀመረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ልጆቹ በየደጁ እየቆሙ «ድሮ እዚህ ምን ነበር?» ይላሉ፤ የሰሙትንም በደብተራቸው ይሥላሉ። አቶ ልሣነወርቅን ነገሩ አልጣማቸውም። «የኅብረተሰብ ትምህርት መጽሐፍ ጠፍቶ ነው? ይቺ ሴትዮ ከመሬት አስተዳደር ሳትላክ አትቀርም» ብለው ልጆቹን ከደጃቸው መለሷቸው።

በአራተኛው ቀን ግን አላስቻላቸውም። ወጥተው አንዲት ተማሪ አስቆሙ።

«እስቲ አሳዪኝ የኔ ልጅ፣ ምንድን ነው የምትሥሉት?»

«የድሮውን የመንደራችንን ካርታ ነው፣ አባባ።»

ደብተሩን ተቀብለው አዩ። አንድ ቀይ መስመር ከቤተ ክርስቲያኑ ተነሥቶ፣ የእሳቸውን አጥርና ባሕር ዛፍ ሰንጥቆ፣ ምንጩ ድረስ ይወርዳል። ከሥሩ «የሕዝብ መንገድ የነበረ፣ በኋላ የታጠረ» ይላል።

ጣታቸውን ቀዩ መስመር ላይ አሳረፉ። «ይኼን ማን ነገራችሁ? መምህሯ ናት አይደል?»

«ኧረ አይደለችም» አለች ልጅቱ። «እሷማ በዕድሜ የሚበልጠውን ሰው ጠይቁ ነው ያለችን። የነገሩን እናትዎ ናቸው። ትናንት እርስዎ ገበያ ሲሄዱ ጠርተው አስገቡን። ያጠረውንም ሰው ስም ጻፉ ብለውናል።»