ተጠባባቂው

ኳሱ የብረቱን ቀለበት መትቶ ሲመለስ አንዱ ከሕዝቡ መካከል «ቅርጫቱ እኮ ቂጥ የለውም! ምኑን ነው የሚሞሉት?» ብሎ ጮኸ፤ ሜዳው በሳቅ ተናጋ። አቶ ወልደ አማኑኤል ግን አልሳቁም። ዓይናቸው ኳሱን ትቶ፣ ከአመዱ መሥመር ውጭ አግዳሚ ላይ ካፖርቱን ደርቦ የተቀመጠ አንድ ረጅም ወጣት ላይ ቀርቷል።

«እሱ ነው?» አሉ እህታቸውን።

«እሱ ነው፤ መምህር ፈለቀ» አለች ጠጄ። «ጣትህን አትቀስር፣ ወንድም ጋሼ። አንተን ባያውቅህ እኔን ያውቀኛል።»

ልጃቸውን መሠረትን ሽማግሌ ልኮ የጠየቀው ይህ ሰው ነው። ሽማግሎቹ ነገ፣ እሑድ፣ መልስ ሊሰሙ ይመጣሉ። አቶ ወልደ አማኑኤል የቅዳሜን ገበያ አሳበው መሐል ሜዳ ከተማ የወጡት፣ በሰው አፍ ብቻ ሲመሰገን የሰሙትን ልጅ በገዛ ዓይናቸው አይተው ቃላቸውን ለመቁረጥ ነበር። ልጁ ደግሞ ተቀምጧል። ሌላው ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ይወድቃል፤ እሱ እጁን ብብቱ ከትቶ ይመለከታል።

ቅርጫት ኳስ የሚጫወቱት የመሐል ሜዳና የዓለም ከተማ መምህራን ናቸው። «ለዋንጫ ነው» አላቸው አጠገባቸው የቆመው ልብስ ሰፊው ጫኔ። «ሦስት ጊዜ ይገጥማሉ፤ ሁለቱን የረታ ዋንጫውን ይወስዳል። የዛሬው መጀመሪያው ነው።» ጫኔ ይህን ጨዋታ ካየ ገና ሦስት ወሩ ነው፤ ሲያስረዳ ግን ከእናቱ ሆድ ይዞት የወጣ ይመስላል። ወደ ጥቁር ሰሌዳው በአገጩ አመለከተ። «እንግዶቹ አሥራ ስምንት፣ እኛ አሥራ አንድ። ያ የእነሱ ቀውላላ ለብቻው አሥሩን አግብቷል። ግድ የለም፤ ቀኑ ገና ነው።»

«ያ ካፖርት ደርቦ የተቀመጠው ልጅ ታሟል?»

«ኧረ ደህና ነው።»

«እንግዳ ነው?»

«የእኛው ነው እንጂ።»

አቶ ወልደ አማኑኤል ልጁን እንደገና አዩት። በእሳቸው አውድማ ሰው ገብስ ሲወቃ የሚቀመጠው በሽተኛ፣ እንግዳ ወይም ሰነፍ ነው። ሁለቱ ከወጡ የሚቀረው አንድ ነው።

«ተጠባባቂ ነው» አለ ጫኔ።

«ምን ይጠብቃል? ልብስ?»

«ተራውን ነዋ!»

«መምህር ሲሉኝ፣ ለካ ለዘበኛ ኖሯል ልጄን የምሰጠው» አሉ ለራሳቸው።

ጠጄ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። «ታዲያ ምን አለበት? ቤት የሚጠብቅ ባል ስንቷ አገኘች?»

ነገሩ ግን ከነከናቸው። ተራውን የሚጠብቅ ሰው እንዴት ያለ ሰው ነው? ሳይታወቃቸው ሕዝቡን በትከሻቸው እየከፈሉ እስከ አግዳሚው ጥግ ደረሱ። የተቀመጡትን ቆጠሩ፤ አምስት ናቸው። ማዶ የእንግዶቹን ቆጠሩ፤ አንድ፣ እሱም ቁርጭምጭሚቱን በጨርቅ ያሰረ።

«እነዚያስ ለምን አንድ ብቻ አስቀመጡ?»

«አምስቱ ሜዳ ላይ ናቸው፤ ለመንገዱ ያገኙት ስድስት በቅሎ ብቻ ነዋ!» አለ ተከትሏቸው የመጣው ጫኔ።

ከሰዓት በኋላ የሚነሣው የመንዝ ነፋስ ተነሣ። ከታች አገር የመጡት እንግዶች አፋቸውን እየከፈቱ አየር ይፈልጉ ጀመር። ቀውላላው ጉልበቱን ይዞ አጎነበሰ። የመሐል ሜዳዎቹም ደክሟቸው ነበር፤ ነገር ግን ፊሽካ በተነፋ ቁጥር አንዱ ይወጣል፣ ከአግዳሚው አንዱ ይነሣል።

አቶ ወልደ አማኑኤል ሦስተኛው በሬያቸው ትዝ አላቸው። ጥንዶቹ ሲያርሱ እሱ ዳር ታስሮ ገለባ ይበላል፤ ጎረቤት ያሾፍበታል። የአንዱ ጫንቃ የተላጠ ዕለት ግን እርሻው አይቆምም።

«ሦስተኛ በሬ!» አሉ ጮክ ብለው።

«ምን አሉኝ?» አለ ጫኔ።

«ምንም።»

ፊሽካው ጮኸ። ወሰኔ የሚባለው ተጫዋች ላቡ እየተንጠፈጠፈ ወጥቶ አግዳሚው ላይ በጀርባው ተዘረጋ። ፈለቀ ተነሣ። ካፖርቱን አውልቆ የሚያኖርበት ቢያጣ ዞር ብሎ ከኋላው የቆሙትን ሽማግሌ አየ፤ ማን እንደሆኑ ሳያውቅ በሁለት እጁ ይዞ አቀረበላቸው።

«አባቴ፣ ይጠብቁልኛል?»

መልስ ሳይሰማ ሮጠ።

ካፖርቱ ይሞቃል። አቶ ወልደ አማኑኤል አቅፈውት ቆሙ። ልጁ ቀውላላው ላይ እንደ ጥላ ተጣበቀ፤ ሲዞር ዞረ፣ ሲዘል ዘለለ፣ አላስተነፍስ አለው። ኳስ ሲደርሰው በተሻለ ቦታ ለቆመው ይሰጣል። ራሱ ያገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ ሃያ ስድስት ለሃያ ስድስት ሲሆን ጫኔ ባርኔጣውን አውልቆ ነከሰው። በመጨረሻ ፈለቀ ኳሱን ከቀውላላው እጅ ነጥቆ ለጓደኛው ለቅጣው ወረወረ፤ ቅጣው አገባ፤ ዳኛው ነፋ።

ሕዝቡ አመዱን እያቦነነ ገብቶ ቅጣውን ተሸከመ። «ገና አንዱ ነው! ሁለት ይቀራል!» ይላል ጫኔ፤ የሚሰማው የለም። ፈለቀን ማንም አልተሸከመውም። እያለከለከ፣ በእጅጌው ፊቱን እየጠረገ ወደ ሽማግሌው መጣ።

«አባቴ፣ አስጠበቅሁዎት።»

ሕዝቡን አልፋ ከኋላቸው የደረሰችው ጠጄ ልትናገር አፏን ስትከፍት ወንድሟ ክንዷን ቆነጠጡ።

«የመጠበቅ ተራዬ ነው» አሉ፤ የነገውን ቃላቸውን ቆርጠዋል።

ካፖርቱን አልሰጡትም። ትከሻውን ይዘው ዘረጉለት። ልጁ ቁመቱ ረጅም ነውና፣ እጁን ለማስገባት እፊታቸው ዝቅ አለ።