የተዛወረው ሕመም

የሐሞት ከረጢቴ በቀዶ ጥገና ከወጣ ስድስተኛ ቀኔ ነው፤ አንዴም አላመመኝም። ዘንድሮ በወጣው ሕግ የታማሚ ሕመም ወደ ፈቃደኛ ዘመድ ገላ ይዛወራል፤ የእኔን ባለቤቴ ልሳነወርቅ ፈርሞ ወሰደው። እሱ መኝታ ቤት ተኝቷል፤ እኔ ከሳሎን ጓዳ እንቆራጠጣለሁ።

«አመመህ እንዴ?» እለዋለሁ በየደቂቃው።

«ኧረ ተቀመጪ፣ ደህና ነኝ!»

ፋሲካ ነው። ሐኪሙ ቅቤ እንዳትነኪ ብሎኛል። እህቴ አስካለ ግን ዶሮ ወጡን ጠቅልላ አፌ ላይ ደቀነችው።

«በሞቴ! በዓመት በዓል ጦምሽን ልትውይ ነው?»

ጎረስኩ። ደገመችኝ። ጥቂት ጠብቄ ጎኔን ዳሰስኩ፤ ምንም የለም። ሦስተኛውን ራሴ ጠቀለልኩ።

ወዲያው የመኝታ ቤቱ አልጋ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። ሮጬ ስገባ ልሳነወርቅ ላብ አጥምቆት ትራሱን ነክሷል። ሲያየኝ ትራሱን ከአፉ አወጣ።

«ጣፈጠሽ?» አለኝ።